ኮረም ላይ ታሽጎ የቀረው የዘር ገብስ

ሰቆጣ፣ የካቲት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ልጅ ለአቶ ደሞዝ ተስፋው፤
አዲስ አበባ።

አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርብልሃለሁ። የአጥቢያችን ጠባቂ ቅዱስ ገብርኤል በመውጣትህም በመግባትህም ከፊትህ ይቅደም። እኔ ከጕልበቴ ሕመም በቀር ደኅና ነኝ።

የእርዳታ እህል ማጓጓዣ ደንብ አርቃቂ ሆነህ መሾምህን የሚገልጸው ደብዳቤህ በጥር መጨረሻ ደረሰኝ፤ ደስ ብሎኛል። ይሁን እንጂ በሁለተኛው አንቀጽ ላይ «ሥራዎች ይበዛል» ብለሃል። ባለቤቱ ብዙ ሆኖ ሳለ ማሰሪያው ምን በድሎ ብቻውን ቀረ? ሠላሳ ዓመት በፍርድ ቤት ዋና ጸሐፊነት ስኖር እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር በእጄ አልፎ አያውቅም። ያንተን ያሳለፍኩት እናትህ ደብዳቤውን ከእጄ ነጥቃ ስለ ወሰደችው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጕዳዬ ልግባ። አምና በኅዳር የመጣልን እህል ከኮረም ሲነሣ እህል ነበር፤ ሰቆጣ ሲደርስ ብዙው አሸዋ ሆኖ ተገኘ። ጫኙ መጋዘኑን ይከሳል፤ መጋዘኑ ጫኙን ይከሳል፤ የተቀጣ ሰው የለም። ስለዚህ ይህን እጠይቅሃለሁ፦ ጆንያው ሁሉ በእርሳስ ማኅተም ይታሸግ፤ ሰቆጣ ሳይደርስ የፈታውም እንደ ሌባ ይቆጠር። ይህን በደንብህ ውስጥ አግባው፤ ቃሉም ጠንካራ ይሁን።

የዘንድሮው ነገር ከአምናው ይከፋል። በዚህ አጥቢያ ዘር ያስቀረ ሰው አላየሁም። እናትህም ባለፈው ወር የዘር ገብሷን ቆልታ በላች። መሬቱ ታርሶ ይጠብቃል። ከሰኔ ማለቂያ እስከ ሐምሌ እኩሌታ ባለው ጊዜ ገብስ ካልተዘራበት ግን የሚመጣው ዓመት ከአሁኑ ጠፋ ማለት ነው።

እናትህን ማሬን «ወደ እኔ ትምጣ» ማለትህን ነገርኳት። በአገራችን ቋንቋ በኽምጣና መለሰችልኝ፤ ወደ አማርኛ ሳቃናው እንዲህ ይላል፦ «እኔ ወደ እሱ ብሄድ መሬቱን ማን ያሳርሰዋል? እሱ በብዕሩ?»

አጎትህ
ገብረ ጻድቅ ምንዋጋው


አዲስ አበባ፣ መጋቢት ፲፰ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

እጅግ ለማከብርዎ አጎቴ ለአቶ ገብረ ጻድቅ ምንዋጋው፤
ሰቆጣ።

ለጤናዎ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እግዚአብሔር እድሜዎን ያርዝምልን። እርማትዎን በደስታ ተቀብያለሁ። ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ እንደዚያም ሆኖ ቀይ ቀለም እንደማይጠፋው አውቃለሁ።

የጠየቁኝ ሁሉ ተፈጽሟል። አራተኛው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ «እያንዳንዱ አንድ ኩንታል የሚመዝን ጆንያ በእርሳስ ማኅተም ታሽጎ ይጓጓዛል፤ ከተመደበለት ስፍራ ደርሶ በአከፋፋይ ኮሚቴ ፊት ካልሆነ በቀር ማኅተሙን የፈታ ማንኛውም ሰው እህሉን እንደ ሰረቀ ይቆጠራል።» የመሥሪያ ቤቱ ዳይሬክተር በስብሰባ መካከል ስሜን ጠርተው አመሰገኑኝ። ሐሳቡ የእርስዎ መሆኑን ልናገር ብዬ ነበር፤ ጭብጨባው ቀደመኝ።

ለዋግ አራት መቶ ኩንታል የዘር ገብስ ተመድቧል። ከዚህም ውስጥ ሃያው የአጥቢያችን ነው። እስከ ኮረም በመኪና፣ ከኮረም እስከ ሰቆጣ በግመል ይሄዳል። ከራያ ግመለኞች ጋር ውል ገብተናል። ግመል በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ ጆንያ ይዞ ስለሚሄድ ማኅተሙን የሚነካው አይኖርም።

ለእናቴ በጭነት መኪና ሾፌር እጅ ቡልኮ ልኬላታለሁ። ለክረምቱ እንኳ እኔ ዘንድ እንድትከርም ይለምኑልኝ። እርስዎ ከጠነከሩባት እሺ ትላለች።

ታዛዥ ልጅዎ
ደሞዝ


ሰቆጣ፣ ግንቦት ፰ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ልጅ ለደሞዝ።

ሰላም ለአንተ ይሁን፤ ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርህ።

አንቀጽህን አነበብኩ። ነቍጣ የሚጨመርበትም የሚቀነስበትም አይደለም። እህሉ ግን አልመጣም።

የበልግ ዝናብ ባልታሰበ ጊዜ ኮረም ላይ ወርዶ ቍልቍለቱን ጭቃ አደረገው። ግመል ጭቃ ላይ እግሩ እንደሚከዳው እኔም አንተም እናውቃለን። ሁለት ግመሎች ከነጭነታቸው ተንሸራተው እግራቸው ተሰበረ። ግመለኞቹ ጭነቱን ወደ ኮረም መልሰው፣ የቀሩትን ግመሎች ነድተው ወደ ራያ ተመለሱ፤ በክረምትም እንደማይመጡ በግልጽ ተናግረዋል። አራት መቶው ጆንያ ኮረም መጋዘን ውስጥ ተደርድሮ ተቀምጧል።

የቀረው አህያና በቅሎ ነው። ገብረ አምላክ የሚባለው የኮረም መንገድ አጋሰስ ነጂ ወደ መጋዘኑ ሹም ገብቶ የተነጋገረውን እንደ ነገረኝ እጽፍልሃለሁ።

«ጆንያውን ለሁለት ስልቻ ልገልብጠውና ግራና ቀኝ ልጫነው።»

«መፍታት ክልክል ነው።»

«ታዲያ አንድ ኩንታል በአንድ ወገን ብቻ ልጫን? አህያዬ ሰቆጣን በጎኗ ተንከባላ ትግባ?»

«ስለ አህያ የተጻፈ ነገር የለም።»

«እኔ ላስጽፍ?» ቢለው አስወጣው።

በዚህ አገር አህያም በቅሎም የሚጫነው ጭነቱ እኩል ተከፍሎ፣ በመጫኛ ተወጥሮ እንደ ሆነ አንተ ከማንም በላይ ታውቃለህ፤ ከሰንበት ገበያ ስትመለስ ስልቻ ደግፈህ ያደግህ ልጅ ነህ። ስለዚህ ኮረም ላይ በሽማግሌ ፊት ጆንያው ለሁለት እንዲከፈል የሚፈቅድ ደብዳቤ ባስቸኳይ አስጽፍ። ማኅተም ይደረግ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ይፈታ የምልህም እኔው ነኝ። በዚህ አላፍርም። ሰኔ እየመጣ ነው።

ስለ እናትህ የጠየቅኸው ደርሶኛል።

ገብረ ጻድቅ


አዲስ አበባ፣ ሰኔ ፩ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? የዋግ አምላክ ሁላችሁንም በጤና ይጠብቅልኝ።

ጉዳዩን ለዳይሬክተሩ አቅርቤ ነበር። ደንቡ የወጣው ገና በቅርቡ መሆኑን፣ እህል የሰጡን አገሮች ተወካዮችም ማኅተሙን አይተው መደሰታቸውን አስረዱኝ። ጉዳዩ በጥናት ላይ እንዲቆይ ተወስኗል። እስከዚያው ጠንካራ ሰዎች ጆንያውን በአጠና ላይ አንጠልጥለው በፈረቃ እንዲሸከሙት የሚል ሐሳብ ከስብሰባው ቀርቧል። ሐሳቡን ያቀረበው ሰው ኮረምን አይቶ አያውቅም። እኔ አይቻለሁ፤ ዝም አልኩ።

አጎቴ፣ ስለ እናቴ አንድ መስመር ብቻ ነው የጻፉልኝ። እርስዎ ነገር የሚያሳጥሩ ሰው አይደሉም። ቡልኮው ደረሳት? ደኅና ናት? የምትበላው አላት? እባክዎ ይህን ብቻ ይመልሱልኝ።

ልጅዎ ደሞዝ


ኮረም ፖሊስ ጣቢያ፣ ሰኔ ፳፮ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ልጅ ለደሞዝ ተስፋው።

ሰላምታዬ ይድረስህ። ከዚህ በላይ የተጻፈውን የስፍራ ስም አይተህ አትደንግጥ። በሰው መቀመጫ ላይ ተቀምጬ፣ በራሴ ብዕር እጽፋለሁ።

ስለ እናትህ ያልጻፍኩልህ የት እንዳለች ስላላወቅሁ ነው። በግንቦት መጀመሪያ ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ተነሥታ ሄደች። አበርገሌ ዘመዶች ዘንድ ናት የሚሉ ነበሩ፤ በመንገድ አይተናታል የሚሉም ነበሩ። በሰሚ ሰሚ የተገኘ ነገር ልጽፍልህ አልፈቀድኩም። «ጥናት» የሚለው ደብዳቤህ በደረሰኝ ማግስት ቄስ ወልደ ገብርኤልን ይዤ፣ በቅሎ ላይ ወጥቼ፣ ወደ ኮረም ተነሣሁ።

ከመጋዘኑ በር ፊት ብዙ ሕዝብ ተኝቷል። ከመኪናው ማራገፊያ ዘንድ አንዲት ሴት ጐንበስ ብላ የረገፈ ገብስ ከጭቃው ትለቅማለች፤ ትጠርግና በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥራለች። አረማመዷን ሳይሆን ጀርባዋን አይቼ ዐወቅኋት።

«ማሬ» አልኳት።

«አያ! በበቅሎ መጣህ? ለሹማምንት መንገዱ አጭር ነው መሰለኝ።»

«የለቀምሽውን ለምን አትበይውም? ከንፈርሽ ደርቋል።»

«ይሄ የሚበላ አይደለም፤ የዘር ነው። የበላሁትን ልተካ ነው የመጣሁት» አለችኝ። ቋጠሮውን ፈትታ አሳየችኝ። አንድ እፍኝ አይሞላም። ከወር በላይ ለቅማለች። ቡልኮህን በመንገድ ወንዝ ለተሻገረች አንዲት አራስ ሰጥታታለች።

ደሞዝ ሆይ፣ ከሷ እስከ ጆንያው ድረስ አንድ ግድግዳ ብቻ ነበር።

ወደ ሹሙ ገባሁ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ከሰላም ቦታ ቢገኝ ጥሩ ጸሐፊ ይወጣው ነበር። የአጥቢያው ተወካይ መሆኔን የሚያስረዳ ወረቀት አቀረብኩ፤ ፈርሜም ሃያውን ጆንያ ተረከብኩ። ይህ እንደ ደንቡ ነው። ከበሩ ውጭ በቀን ብርሃን፣ ሕዝቡም ሹሙም እያዩኝ፣ ካራዬን አወጣሁ።

«አባቴ፣ አራተኛውን አንቀጽ ያውቁታል?» አለኝ ሹሙ።

«ከአርቃቂው ቀድሜ ዐውቀዋለሁ» አልኩና የመጀመሪያውን እርሳስ ቈረጥሁ። ሃያውንም ቈረጥሁ።

ገብረ አምላክ አህዮቹን አሰልፎ ነበር። እህሉ በእኩል በእኩል ወደ ስልቻ ተገለበጠ። የማኅተሙን ነገር ግን አልዘነጋሁም፤ የአምናው አሸዋ አሁንም ጥርሴ ውስጥ አለ። ቄስ ወልደ ገብርኤል መስቀሉን አውጥቶ በየስልቻው አፍ ላይ እያሳረፈ ገዘተ፦ ከደጀ ሰላማችን ሳይደርስ የፈታው በጴጥሮስና በጳውሎስ ቃል የተወገዘ ይሁን አለ።

ገብረ አምላክ «አባ፣ አህያዬ በጥርሷ ብትቀደውስ?» ሲል ጠየቀው።

«እሷንም ገዝቻታለሁ።»

«እንግዲያ ከኔ ይልቅ ለሷ ይስበኩልኝ፤ እኔ እንኳ ከልጅነቴ የተገዘትኩ ነኝ።» ተኝቶ የነበረው ሕዝብ ሳይቀር ሳቀ።

አህዮቹ ከመንገዱ እጥፋት እስኪሰወሩ ቆሜ አየሁ። ማሬ አንዲቱን ስልቻ በእጇ ይዛ ከኋላ ተከተለች። ከዚያ በኋላ ፖሊሶቹ መጡ፤ እኔም «ቆያችሁ» አልኳቸው።

ገብረ ጻድቅ


አዲስ አበባ፣ ሐምሌ ፪ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

የተከበሩ አጎቴ፤

እግዚአብሔር ያስፈታዎ። ይህን የምጽፈው ቆሜ ነው።

እናቴን ስላገኙልኝ ማመስገን ነበረብኝ፤ ግን ጊዜ የለኝም። የክሱ መዝገብ መጥቷል፤ መጥቶም የተቀመጠው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። በአራተኛው አንቀጽ መሠረት የሕግ አስተያየት እንድጽፍ ታዝዣለሁ። አንቀጹን እንደ ተጻፈ ከተረጎምኩት እርስዎ ሌባ ነዎት።

አንድ መንገድ አግኝቻለሁ። ከዚህ ጋር የላክሁት ወረቀት ላይ፣ በእድሜ መግፋት ምክንያት ደንቡን ባለማወቅ እንደ ፈቱት ተጽፏል። እርስዎ ይፈርሙበት፤ ሌላውን እኔ እጨርሰዋለሁ። ካስፈለገም ጆንያ መክፈልን የሚፈቅድ ደብዳቤ በሰኔ ቀን አድርጌ አወጣለሁ። እባክዎ፣ በእናቴ ይሁንብዎ፣ ይፈርሙ። ሽማግሌ ሰው ነዎት፤ ማንም አይታዘብዎትም።

ደሞዝ


ኮረም ፖሊስ ጣቢያ፣ ሐምሌ ፱ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለደሞዝ ተስፋው።

ሰላም ላንተ ይሁን።

ወረቀትህን ሳልፈርም መልሻለሁ። «ባለማወቅ» የሚለው ቃል ሐሰት ነው። ዐውቄ ነው የፈታሁት። በሐምሌ የተጻፈውንም ሰኔ አትበለው፤ ሠላሳ ዓመት እንዲህ ያሉ ቀኖችን ስፍቅ ኖሬ በእርጅናዬ አንድ አልጨምርም። ስለ እኔ አትቻኰል። እዚህ ጣራ አለኝ፤ የጣቢያው አዛዥም ማመልከቻ ሁሉ እንዳርምለት ያመጣልኛል፤ ለማረም የሚበቃ ሥራ አለው።

ይልቅስ ስለ እህሉ ስማ። ገብረ አምላክ ተመልሶ መጥቶ ነገረኝ። ስልቻዎቹ ሁሉ ደጀ ሰላም ደርሰዋል፤ አንድም ቋጠሮ አልተፈታም። በመንገድ በተራበ ሰው መካከል አልፈዋል፤ ራሳቸውም ተርበው አድረዋል፤ ግዝቱን ግን አልደፈሩትም። እዚህ ላይ ግን የሆነ ነገር አለ። ወንዝ ሲሻገሩ አንዲት አህያ ወድቃ ሁለት ስልቻ ውኃ ገባው። አፉን ፈትተው ፀሐይ ላይ ቢያሰጡት ይድን ነበር። «የተገዘተ ነው» ብለው እንደ ራሰ ጭነውት ሄዱ። ደጀ ሰላም ላይ ተከፍቶ ሲታይ ገብሱ በስልቻው ውስጥ በቅሎ ተገኘ። ቄሱ አለቀሰ አሉኝ። ያቺ ገብስ ለቃሚዋ እናትህ ግን «በቅሏል እንጂ አልሞተም፤ ቶሎ አፈር አግቡት» ብላ ያንኑ ዕለት አስዘራችው። የያዘ እንደ ሆነ ገና አላወቅሁም።

ያንተ እርሳስና የእኛ ግዝት አንድ ዓይነት ሥራ ሠሩ። ስለዚህ እኔ ልክ ነበርኩ አንተ ተሳሳትህ አልልም።

አሁንም ሦስት መቶ ሰማንያ ጆንያ እዚህ ከግድግዳው ኋላ አለ። የዋጉ ዝቋላ ሰው፣ የሰቆጣ ዙሪያ ሰው፣ መሬቱን አርሶ ደጅ ላይ ተኝቷል። ለገብስ የቀረው ጊዜ ጥቂት ነው። አስተያየት ጻፍ ተብለህ ከታዘዝህ የምታውቀውን ጻፍ። አህያ እንዴት እንደሚጫን ታውቃለህ።

ገብረ ጻድቅ


አዲስ አበባ፣ ሐምሌ ፲፱ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ለአጎቴ፤

ጤና ይስጥልኝ።

አስተያየቱን ጻፍኩ። በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጥፋቱ ጆንያውን የፈታው ሰው ሳይሆን፣ በአህያ ሊጫን የማይችል ጆንያ አዞ እንዳይከፈል የከለከለው ደንብ ነው። ደንቡን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ግመሉ ቢቀርስ ብዬ አልጠየቅሁም፤ ተጠይቄም ዝም አልኩ።»

ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ልጄ፣ ይህ አስተያየት ነው ወይስ የስንብት ደብዳቤ?» አሉኝ።

«እንደ ተመቸዎ ይያዙት» አልኩ። እርስዎን መስዬ የተናገርኩ መሰለኝ።

ወረቀቱ ወደ በላይ ሄዷል። እስካሁን የጠራኝ የለም። ጠረጴዛዬ ላይ ሌላ መዝገብ አልመጣም። በመስኮቱ ዝናቡን እያየሁ ኮረምም ይዘንብ ይሆን እላለሁ፤ እንዲዘንብ ልለምን ወይስ አህዮቹ እስኪያልፉ እንዲያባራ፣ እሱንም አላወቅሁም።

ደሞዝ


ሰቆጣ፣ ነሐሴ ፳፫ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ የእኅቴ ልጅ ለደሞዝ ተስፋው፤
ጎሬ።

የእናትህ ጸሎት፣ የእኔም ምርቃት በሄድህበት አገር ቀድሞ ይጠብቅህ። ወደዚያ ወደ ምዕራብ ዳር መዛወርህን የሰማሁት ከሾፌሩ ነው። አንተ ያልጻፍከው ስለ ምን እንደ ሆነ ስለማውቅ አልወቅስህም።

እኔ በነሐሴ መባቻ ተፈታሁ። የጣቢያው አዛዥ «ይሂዱ» ብቻ አለኝ፤ የጻፈው ወረቀት የለም፤ ይህ ሥርዐት እንዳልሆነ ነግሬው ወጣሁ። በዚያው ሳምንት አዲስ ትእዛዝ መጋዘኑ በር ላይ ተለጠፈ፦ ጆንያ በሽማግሌዎች ፊት ተከፍሎ በአጋሰስ መጫን ይፈቀዳል፤ ከእንግዲህም ጆንያው ከኀምሳ ኪሎ አይበልጥም ይላል። ስምህ የለበትም። ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

እህሉ ሁሉ ተጓጓዘ። ሰቆጣ የደረሰው ግን ለገብስ ከመሸ በኋላ ነው። ለዘር የተላከውን ሰዉ ቆልቶ በላው፤ ብሉ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ማንንም አልወቀስኩም። በጊዜ የተዘራው የእኛ አጥቢያ ብቻ ነው። እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ የሌላው አጥቢያ ሰዎች በእርሻችን ዳር ቆመው ያዩታል። እንዲህ ሲያዩት እኔ ወደ ቤቴ መግባት ያቅተኛል።

የእናትህ ገብስ ጕልበት ደርሷል፤ በስልቻ በቅሎ የነበረው ግን ከእኩሌታው በላይ አልያዘም። የለቀመችውን እፍኝ ለብቻው ከቤቷ ጓሮ ዘርታዋለች፤ ማንንም አታስጠጋም። ዝናቡ ከፍልሰታ ወዲህ ተቋርጧል። በየማለዳው ደመና ከተከዜ በኩል ይነሣል፣ ቀትር ላይ ይበተናል። እኔ የሰማይን ነገር መገሠጽ አልችልም፤ ሌሊት ሌሊት ግን እየተነሣሁ ወደ ውጭ እወጣለሁ።

ባለፈው የገብርኤል ዕለት ቄስ ወልደ ገብርኤል በጸሎቱ ሊያስብህ ፈልጎ የክርስትና ስምህን ጠየቀኝ። ጠፋኝ። ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቀኛል። ማሬ ከሴቶቹ ወገን ጮኻ «ወልደ ሐዋርያት ነው! አጎቱ የሚያውቀው ስሕተቱን ብቻ ነው» አለች። በቤተ ክርስቲያን እንዲህ አይጮኽም ብዬ ልገሥጻት ዞርኩ፤ ሕዝቡ ስምህን ተቀብሎ እየጠራ ነበርና ተውኩት።

ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ደጃፌ ላይ ተቀምጣለች። ጎሬ የት እንደ ሆነ፣ ርቀቱንም አስረዳኋት። ወደ ሰማይ እያየች «እዚያስ ይዘንባል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ቀንና ሌሊት እንደሚዘንብ ሰምቻለሁ። አልነገርኳትም።

አጎትህ
ገብረ ጻድቅ ምንዋጋው